ባቡሩ ያቃተው ዳገት፦ ከድሬ ተነስቶ ከልጆች ጋር መውጣት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሥራ ተዛውረን ከመጣን ስምንት ወራችን ነው። ልጆቹ 13፣ 9 እና 4 ዓመታቸው ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቬንትሌተር ሥር ተጋድመው ስልክ ነው የሚያዩት። የባለቤቴ እናት ለክረምቱ መጥተዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መኪና የለንም፤ ብራችንም የተቆጠረ ነው። ደርሰን የምንመለስባቸው ቦታዎች የት ናቸው? ሐረር ማደሩስ ያዋጣል? ለትንሿ ልጅ ጅብ ማሳየት ስህተት ይሆን? በዚህ ሙቀትስ መውጣቱ ራሱ ልክ ነው?»

እንኳን ወደ ድሬ በሰላም መጣህ። አንቱ ያላልኩህ ንቄህ አይደለም። ስምንት ወር ከቆየህ ደርሰህበታል፤ እዚህ አንቱታ ብዙ አይበረክትም። አማትህን ግን እኔም እማማ እላቸዋለሁ፤ የአዲስ አበባ እናት ድንገት አንቺ ስትባል ትደነግጣለች።

ብዙ ዓመት በአስጎብኚነት ሠርቻለሁ። ፈረንጅም ተማሪም ይዤ ወጥቻለሁ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ቤተሰብ ነው፤ አንዱ ሲርበው ሌላው ሽንቱ ይመጣል። ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።

የአዲስ አበባ ሰው ሽርሽር ሲያስብ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። እዚህ ጥያቄው ሌላ ነው። ቦታው ከፍ ያለ ነው ዝቅ ያለ? ስንት ሰዓት ላይ ነው የምንደርሰው? ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። መሀል ላይ ያለው ደንገጎ ከ2,000 ያልፋል። አንድ ሺህ ሜትር ስትወጣ ሙቀቱ 6 ዲግሪ አካባቢ ይቀንሳል። እንግዲህ አስበው፤ አንድ ሰዓት በማይሞላ የሚኒባስ ጉዞ ቤተሰብህን ከምድጃ አውጥተህ በረንዳ ላይ አስቀመጥክ ማለት ነው።

ይሄ ዳገት ቀልድ አይደለም። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው በእሱ ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር። ተራራው ሥር ሲደርስ ወጪው ከበደ፤ ሐዲዱም ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ለከተማዋ የወጣላት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። የምድር ባቡር ልጅ ነኝና ይሄን ሳልናገር አላልፍም። አንተ ግን ባቡሩ ያቃተውን ዳገት በሚኒባስ ትወጣዋለህ።

ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ድሬ የልጆች ናት። ከዚያ በኋላ የፀሐይ ናት። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ከተማው ይተኛል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በርጫ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሦስት ልጅ ይዘህ አስፋልት ላይ ብትቆም የሚያዝንልህ እንጂ የሚያስተናግድህ አታገኝም። ታች ከሆንክ በጠዋት ውጣና ለምሳ ቤትህ ግባ። ቀኑን ሙሉ መዋል ከፈለግክ ወደ ላይ ውጣ። አለቀ።

ክረምት ላይ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ጎርፍ።

ደቻቱን አይተኸዋል፤ የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው ሰፊ አሸዋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ አዲስ ሰው ወንዝ ነው ቢሉት አያምንም። ችግሩ ውሃው የሚመጣው ከድሬ ሰማይ አለመሆኑ ነው። ከተማ ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ ደንገጎ አናት የዘነበው በዚህ አሸዋ ይወርዳል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. የሆነው ይሄው ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ጎርፉ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። በዚያው ሐምሌ ወር፣ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶ ነበር። የኛ ሰፈር ሰው ያንን ክረምት የሚያስታውሰው ግን በጎርፉ ነው።

እኔም በመጽሐፍ አልተማርኩትም፤ ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት የእህቴን ልጆች ይዘን ከከተማ ወጣ ያለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ አንድ ግራር ሥር ምንጣፍ ዘረጋን። አሸዋው ንጹሕ፣ ጥላው ጥሩ። ቡና አፈላን። ሁለተኛው ሊቀዳ ሲል ከላይ ገደሉ ላይ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ «ሎላ! ሎላ!» እያለ ጮኸ። ኦሮምኛ ላይ መጨረሻው ሲያጥር ጦርነት፣ ሲረዝም ጎርፍ ነው። ለመለየት ጊዜ አልነበረም፤ ለሁለቱም የሚሮጠው ወደ ላይ ነው። ልጆቹን እየጎተትን ዳር ስንወጣ መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነበር፤ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ይመስላል። ከዚያ ቅጠልና እንጨት እየገፋ ቡናማ አረፋ መጣ። ውሃው የመጣው ከአረፋው ኋላ ነው። ምንጣፉ ተጠቀለለና ሄደ። ረከቦቱ አንዴ ዞሮ ተገለበጠ። የእህቴን ረከቦት እስከ ዛሬ አልተካሁም፤ በየዓመት በዓሉ ታነሳብኛለች።

ስለዚህ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ምንጣፍ አይዘረጋም። ጥላው ምን ቢያምር፣ የአገሩ ሰው ቁጭ ብሎ ብታየው እንኳ። ከቤት ስትወጣም ከሰዓት ስትመለስም ወደ ደንገጎ ቀና በልና እይ። ጠቁሮ ከሆነ ባጃጁ «በወንዙ አቋርጬ ላሳጥርልህ» ሲልህ እምቢ በለው። በድልድይ ዙር፤ የሚጨምርብህ አምስት ደቂቃ ነው።

ብራችን የተቆጠረ ነው ስላልክ አሁን የማይከፈልበትን ልንገርህ። ቀፊራ ገበያን በጠዋት አይታችሁታል? ግመልና አህያ ጭነው የሚመጡት ቀደም ብለው ነው፤ ፀሐይ ሳይበረታ ሂዱ። ከገበያው የዓረብ ቤት የመሰሉ ቅስቶች ሥር ቆማችሁ ለዘጠኝ ዓመቱ ብር ስጠውና «ሎሚና ቃሪያ ገዝተህ ና» በለው። አንተ ራቅ ብለህ ተከተለው። አንድ ሎሚ ለመግዛት አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይሰማል። የመልሱን ብር ሲቆጥር ፊቱን እይልኝ። ከዚያ ፈጢራ በማር አብሉት። የዚያን ቀን ስልክ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ፎቶ ለማንሳት ነው።

ሌላው ከዚራ ውስጥ ያለው አሮጌው ባቡር ጣቢያ ነው። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ ያላቸው ስለሆኑ ለእማማ ጉልበት ይመቻሉ። ግቢው ውስጥ የቆሙ አሮጌ ሎኮሞቲቮችና ወርክሾፑ አሉ። ለመግባት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሥራ ቀን ሂድ፣ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው የሚገኘው ያኔ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቹ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ይለኩ፤ ልክ አንድ ሜትር ነው። ከከተማው ውጭ የሚያልፈው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። ለዚህ ነው አሮጌው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ መሄድ የማይችለው። የ13 ዓመት ልጅ ይሄን በእጁ ከለካው አይረሳውም። አዲሱን ባቡርስ ብትል፣ ለረጅም መንገድ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ቀን መመላለሻ ግን አይመችም።

ለትልቁ ልጅ ብቻ የሚሆን ቦታም አለ፤ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ። ከከተማው በስተደቡብ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ናቸው ለሳይንስ ያስተዋወቁት። ሰው ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ቁጭ ብሎ ቀይ ድንጋይ ይፈጭ ነበር፤ ለቀለም። ተመራማሪዎች ከዋሻው የወጣውን ቀለም ሲመዝኑት 40 ኪሎ ገደማ ሆኗል። ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ፤ ግን ደብዝዟልና ትልቅ ነገር ጠብቆ እንዳይናደድ ቀድመህ ንገረው። አቀበቱ ቀጥ ያለና ድንጋዩ የሚንሸራተት ነው። ለእማማም ለአራት ዓመቷም አይሆንም። አንተና ልጁ ብቻ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ፣ 12 ሰዓት ላይ ውጡ፤ 3 ሰዓት ላይ ወርዳችሁ ቁርስ ብሉ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ሆነው የሚወጡት አቀበት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ እሱን ለአንተ ልተወው።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ሲሞላ ይነሳል። አምስት ስድስት ሰው ከሆናችሁ ግን መኪና ኮንትራት መያዝ ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ መንገድ ላይ እንደፈለጋችሁ መቆም ትችላላችሁ። ዋጋውን ቀድመህ ቁረጥ፦ ስንት ቦታ እንደምትቆሙ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ፣ ነዳጁ የማን እንደሆነ። የመመለሻውን ሰዓት በተለይ። ከምሳ በኋላ «እየመጣሁ ነው» የሚል ሹፌር በርጫ ላይ ነው። አንዴ አንድ ሹፌር ከሁለት ቤተሰብ ጋር ጭር ያለ ቦታ ላይ ሦስት ሰዓት አስጠብቆኛል። ሲመጣ ተመርቅኖ፣ ደስ ብሎት፣ ቁልቁለቱን ሊበር። አልተሳፈርንም። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ብር የምከፍለው ድሬ ስንገባ ነው።

ቁልቁለቱን ካነሳን፣ ሲወርድ ማርሽ ቀንሶ የሚወርድ ሹፌር ጥሩ ሹፌር ነው። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ከሆነ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ይመጣብሃል። ያኔ «ቁም፣ ልጁ ሽንቱ መጥቷል» በለው። ሹፌርን ሳያስቀይሙ ፍሬን ማቀዝቀዣ ዘዴ ነው።

የደንገጎ ጥምዝምዝ ልጆችን ያስመልሳል። መከላከያው ቀላል ነው። ቁርስ ቀለል ይበል፤ ወተት አታጠጡ። የሚያስመልሰው ልጅ ፊት ወንበር ወይም መስኮት አጠገብ ተቀምጦ መንገዱን ይይ። ሎሚ ቁረጡና ያሽትት። ስልክ ይዘጋ። ይሄ የቅጣት ጉዳይ አይደለም፤ ጥምዝ ላይ ስልክ የሚያይ ልጅ ከሌላው ቀድሞ ነው የሚያስመልሰው። አንዴ ከደረሰበት ራሱ ይዘጋዋል። ፌስታል ግን አትርሱ።

በዚህ መንገድ ላይ፣ ከድሬ 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሐርላ አለ። የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ነው። የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን አይቶ «ግዙፎች ነበሩ እዚህ የኖሩት» ይል ነበር። አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ያገኙት የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመስታወት ዶቃ፣ ከግብፅ የመጣ ሳንቲምና የቻይና ሸክላ ነው። ግዙፎች ሳይሆኑ ነጋዴዎች። ለልጆቹ ግን መጀመሪያ የግዙፎቹን ንገራቸው። ዓይን የሚሞላ ሕንፃ የለውምና ታሪኩን ሳታውቅ ከሄድክ ድንጋይ ብቻ አይተህ ትመለሳለህ።

ከደንገጎ በላይ አየሩ ይቀየራል። እማማ እዚህ ጋቢያቸውን ይፈልጋሉ፤ ልጆቹም ሹራብ። ድሬ ላይ «ለምን እንሸከማለን» ይሉሃል፤ አትስማቸው። ቀጥሎ ሐረማያ ነው፤ ለእናንተ የመጀመሪያ ሙሉ ቀን እሱን ነው የምመርጥልህ። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ነበር። አልቀነሰም፣ ደረቀ፤ ከብት ይሄድበት ነበር። ውሃው ለመስኖና ለከተማ ሲሳብ፣ ከተራራው የሚታጠበው አፈር ሲሞላው፣ ዝናቡ ሊተካው አልቻለም። እኔ ያኔ ቱሪስት ይዤ ሳልፍ «እዚህ ሐይቅ ነበር» ስላቸው በትሕትና ነበር ራሳቸውን የሚነቀንቁት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል፣ ወፎቹም። አስፋልቱ አጠገብ ስለሆነ እማማ ብዙ አይራመዱም። ዳሩ ጭቃ ነውና ልጆቹን እጅ ያዙ፤ ለዋና አይደለም። የሐረማያ ድንችና ካሮት ስመ ጥር ነው፤ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ካገኛችሁ ምሳችሁ ተገኘ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሆነ የበቆሎ እሸት ይኖራል። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስታችሁ፣ እዚያ ውላችሁ፣ 9 ሰዓት ላይ መውረድ ጀምሩ። ከሰዓቱ ዝናብና ጉም ጋር ደንገጎ ላይ ባትገናኙ ይሻላል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ኤረር ፍል ውሃ በዚህ ወቅት አልመክርም። ታች ሜዳው ላይ ነው፤ ከሙቀት ሸሽቶ ወደ ሙቅ ውሃ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ለጥቅምትና ኅዳር አቆየው፤ ለእማማ ጉልበት ያኔ ይጠቅማቸዋል። ባቢሌ ከሐረር በጅጅጋ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ዘለል ይላል። ኦቾሎኒው የታወቀ ነው፤ ሰኞና ሐሙስ የግመል ገበያ አለ። ከከተማው ወዲያ ዳካታ ሸለቆ ላይ አንዱ ድንጋይ በሌላው አናት ላይ ተደርድሮ ታያለህ፤ ልጆች «ማን ሰቀለው?» ይላሉ። ማንም አልሰቀለውም፤ ንፋስና ውሃ ዙሪያውን በልተው የተዉት ነው። የዝሆኖቹ መጠለያ ግን ሰፊ ነው፤ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአንድ ቀን፣ ያለ ጥሩ መኪና፣ ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ዝሆን አየሁ የሚልህ ካለ ዕድለኛ ነው ወይ ዋሽቶሃል። ወደዚያ ከመሄድህ በፊት የዚያኑ ዕለት ከጅጅጋ የመጣ ሹፌር ጠይቅ፦ «መንገዱ ሰላም ነው?» በለው። ከዋዜማው ወሬ የዚያ ቀን ሹፌር ይሻላል።

ቁልቢ ደግሞ የእማማ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። የታኅሣሡን ያህል ባይሆንም ሕዝቡ ብዙ ነው። ራስ መኮንን ከዓድዋ በኋላ ስለታቸውን ያስገቡበት ቤተ ክርስቲያን ነው። እማማ ስለት ካላቸው ቀኑን አታስቀሯቸው፤ ያኔ ግን የልጆች ሽርሽር አይደለም፣ መንገዱም ታክሲውም ሌላ ነው። ስለት ከሌላቸው በሌላ ቀን ውሰዷቸው፤ ጸጥ ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ብዙ የማያስቆም። ፍልሰታ ከገባ በኋላ ከሆነ ሐረር ላይ ሃልዋ ስትገዙላቸው በቅቤ ነው በዘይት ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ትንኝ አንድ ቃል። ድሬ ወባ አለ፤ ደንጌ የሚባለው ትኩሳትም አለ። የደንጌዋ ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፤ ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም። ልጆቹን ረጅም እጅጌ አልብሱ፤ ቅባትም ተቀቡ። ከጉዞ በኋላ ትኩሳት የያዘው ልጅ ካለ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ምርመራ ውሰዱት።

ሐረር ማደሩ ያዋጣል ወይ ላልከኝ፣ አዎ፤ አንድ ሌሊት። ምክንያቱም ሐረር የሚያምረው በጠዋትና በማታ ነው። ደርሶ መልስ የሄደ ሰው የሚያገኘው የቀትሩን ነው። ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤቶች እንግዳ ያሳድራሉ። ስትይዝ ምድር ላይ ያለ ክፍል ጠይቅ፤ የፎቁ መወጣጫ ለእማማ ፈተና ነው። ሽንት ቤቱንም በዓይንህ እይ። ዋናው ክፍል ውስጥ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራ መቀመጫ አለ፤ ነደባ ይባላል፣ ምንጣፍ የለበሰ ነው። እማማን እዚያ አስቀምጣቸው። ግድግዳው ሙሉ ስፌትና ሳህን ነው፤ የሚያዩት አያጡም። ሆጃ ይቅመሱ፤ ከቡና ገለፈት በወተት የሚፈላ ነው። «የቡና ልጣጭ ለሰው ይሰጣል?» ይሉ ይሆናል። ሁለተኛ ሲቀዳላቸው ግን እምቢ አይሉም፤ አይቻለሁ።

እናንተ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ግንቡን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው፤ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢጠጋ ነው። ውስጡ ያሉት ጠባብ መንገዶች ከ360 በላይ ናቸው ይባላል። አስጎብኚ ሆኜ ይሄን ማለት አይገባኝም፤ ግን የመጀመሪያውን ሰዓት ያለ አስጎብኚ ጥፉ። ዘጠኝ ዓመቱ ይምራ። አንዱ ግድግዳ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ። ብትጠፉ የመሀሉን አደባባይ፣ «ፈረስ መጋላ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሕፃን ሁሉ ያሳያችኋል። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ቁሙና ልጆቹ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። ስሙ ከየት እንደመጣ በጆሯቸው ያገኙታል፤ የልብስ ስፌት መኪናው ነው የሚንገራገረው።

ከዚያ አስጎብኚ ያዙ፤ የታወቀ መታወቂያ ያለው። ሙዚየም ከሁለት በላይ አታድርጉ። እኔ የሸሪፍን አስቀድማለሁ። አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቡት ቅርስ ነው፤ የድሮ ሳንቲም፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ጎራዴ። ቤቱ ራሱ የራስ ተፈሪ የነበረ ነው። የራምቦ ቤት ባለቀለም መስኮቱና ከፎቁ የሚታየው ከተማ ያምራል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ በዚህ ቤት ግን ኖሯል ማለት ይከብዳል። ይሄን ለልጆቹ ንገራቸው፤ የሰቀሉት ስምና እውነት አንዳንዴ እንደሚለያይ በዚህ ዕድሜ ቢያውቁ አይጎዳቸውም። መስጊድና የአዋች (የሙስሊም ቅዱሳን መቃብር) ቦታ ስትጠጉ ባለቤትህና እማማ ነጠላቸውን ይልበሱ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

እንግዲህ ጅቡ።

ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። ከግንቡ ውጭ፣ ፈላና በር በኩል አንዱ ቦታ አለ፤ ኤረር በር በኩልም አለ። ሰውየው ስማቸውን እየጠራ ያመጣቸዋል፤ ሥጋውን በእንጨት ሰክቶ ያበላቸዋል። ለአራት ዓመት ልጅ ማሳየት ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ አወሳሰዱ ላይ ነው የሚመጣው። ቀን ሙሉ «ዛሬ ጅብ እናያለን፣ ካለቀስሽ ይበላሻል» ተብላ የመጣች ልጅ ታለቅሳለች። ትልልቆቹ እንዳያስፈራሯት ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ተነጋገሩ። በባጃጅ ወይም በኮንትራት መኪናችሁ ሂዱና እሷ መጀመሪያ ውስጥ ሆና፣ በመብራቱ ትይ። መውረድ ከፈለገች በእቅፍህ። መሬት አትቁም፤ አትሩጥ። የጅቡ ትከሻ ከእሷ ትከሻ ጋር እኩል ነውና ከመሬት ስታየው ሌላ እንስሳ ነው። እንጨቱን አፍ ውስጥ ይዞ ማብላቱን ለትልቁ ልጅ ተዉት፤ እሱም ሰውየው በል ሲለው ብቻ። በእጅ የያዛችሁት የሚበላ ነገር አይኑር። እማማ መኪና ውስጥ ቢቀመጡ ቅር አይላቸውም፤ የኛ ትውልድ እናቶች ጅብ በመስኮት ይበቃቸዋል።

ብታለቅስስ? ይዘሃት ሂድ። የከፈልከው ብር አያሳዝንህ። አስር ደቂቃ ቆይታ ተረጋግታ «እንሂድ» ካለችም በቂ ነው።

በበነጋው ከቁርስ በፊት፣ ፀሐይ ገና ግንቡን ስታሞቅ፣ ወደ ግንቡ ውሰዳት። ከሥሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ የዝናብ ውሃ መውጫ ናቸው። ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ። ማታ ማታ ጅቡ በዚህ ገብቶ የከተማውን ትራፊ አጥንት ይለቅምና ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ጎንበስ ብላ ታጮልቅ። ባለፈው ዓመት አንዲት አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እጇን ሰድዳ መሬቱን ዳሰሰችና «አሁን የት ነው የተኛው?» አለችኝ። ግንቡን ተሻግሮ ካለው ኮረብታ አንዱን አሳየኋት። ተረከዟን አንስታ ብዙ አየች።